የጋሽ ጆሮ ሦስት ነጥቦች

ቫዮሊን ጠጋኟ ባሏን ያገባችው ለጆሮው ነው። ይህን ሰው አላወራባትም፤ ራሷ ናት የምትናገረው። የተሰበረ ደጋን ይዞ የመጣም ሆነ መንገድ ሊጠይቅ በበሯ ብቅ ያለ ሰው ይህን ሳይሰማ ከሱቋ አይወጣም። «አንዷ ለቁመቱ ታገባለች፣ አንዷ ለኪሱ፤ እኔ ለጆሮው ነው ያገባሁት» ትላለች፣ እጇ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየፈቀፈቀች።

ታሪኩም እውነት ነው። ያኔ በአባቷ ሱቅ ተቀምጣ ክር ስታጠብቅ፣ አንድ ቀጭን ወጣት መምህር በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ፣ «ሁለተኛው ክር ትንሽ ይቀረዋል» አላት። ማን ጠየቀህ ልትለው አፏን ከፈተችና፣ ለማንኛውም ብላ ብታመሳክረው እውነትም ይቀረዋል። የፀጉር ያህል። አርባ ዓመት በሙያው የኖሩት አባቷ እንኳ አልሰሙትም። በሦስት ወሩ ተጋቡ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሰፈሩ የሰውየውን ስም ረስቶ «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። በር ሲጢጥ ሲል ሰምቶ ስንተኛው ድምፅ እንደሆነ ይነግርሃል፤ ባትጠይቀውም ይነግርሃል። በትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ሰው ያለበትን የሰፈሩን የቫዮሊን ቡድን ይመራል። ሚስቱን «ሙጬ» ነው የሚላት፣ ከሙጫው የተነሳ። እሷም ደስ ሲላት «ጆሮዬ»፣ ስትናደድ «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ «አንተ ሰውዬ» ይበዛል።

ቫዮሊን ይዞ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ጊታር አንገቱ ላይ የብረት መስመሮች አሉት፤ ጣትህን በሁለት መስመር መካከል ጣል ካደረግክ ድምፁ ራሱ መጥቶ ይገኝልሃል። ቫዮሊን እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። ከክሮቹ ሥር የተዘረጋው፣ ጣት የሚረግጠው ረጅሙ ጥቁር እንጨት ሰሌዳ ይባላል፤ ይህ ሰሌዳ ልሙጥ ነው። መስመር የለው፣ ምልክት የለው። አንዲት የስንዴ ቅንጣት ያህል ወደዚህ ወይም ወደዚያ ካልክ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። ለዚህ ነው ጀማሪዎች ሰሌዳው ላይ ባለ ቀለም ስቲከር እየለጠፉ የሚማሩት። ጋሽ ጆሮ ታዲያ ሰሌዳ ላይ ስቲከር ሲያይ ደሙ ይፈላል።

ሚስቱ ግን የምታውቀው ነገር አለ።

በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት የእሱን ቫዮሊን ክር ልትቀይር ከፍታው፣ ሰሌዳው ላይ ሦስት ነጭ ነጥቦች አገኘች። አንገቱ አልቆ ሆዱ በሚጀምርበት፣ እጅ ሽቅብ ወጥቶ መንገድ በሚጠፋበት ቦታ ላይ ናቸው። በመርፌ ተወግተው በነጭ ቀለም የተሞሉ፣ ከአሸዋ ፍሬ የማይበልጡ። ሌላ ሰው ቢያያቸው አቧራ ነው ብሎ እፍ ይላል። እሷ ግን እንጨት እያነበበች ያደገች ናት። ጆሮው እውነተኛ ጆሮ ነው፤ በዚያ ለአፍታም አልተጠራጠረችም። ጣቱ ነው ፈሪው። ላይ ላዩ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ይደነግጥና ነጥብ ይፈልጋል። የዚያን ቀን አፏን በእጇ ይዛ ብቻዋን ስቃ ስቃ ሲበቃት ቫዮሊኑን ዘጋችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሰሌዳ ባጸዳች ቁጥር ነጥቦቹን እንደ ዓይን ብሌን እየጠበቀች፣ ዙሪያቸውን ብቻ ስትጠርግ ኖረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ምሥጢሩ በገዛ ቤቱ መታወቁን እሱ አልሰማም።

ነገሩ የተበላሸው በታናሽ እህቷ ምክንያት ነው። ታናሽ እህቷ ፖስታ ቤት ውስጥ ጥቅል ተቀባይ ናት፤ ስትመዝን፣ ስታሽግ፣ ማኅተም ስትመታ ነው የምትውለው። በአርባ ዓመቷ ብድግ ብላ «ቫዮሊን ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ» አለች። ተማረችም፤ ቀስ እያለች፣ ብዙ መስኮት እያዘጋች። በዓመቱ ቡድኑ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ተሰጣት። ሰሌዳዋ ላይ አራት ክብ ብርቱካናማ ስቲከሮች ለጥፋለች። ተሰባሪ ዕቃ ያለበት ጥቅል ላይ የሚለጠፉ፣ ሰባራ ብርጭቆ የተሳለባቸው ናቸው። አታሚው ተሳስቶ የአውራ ጣት ጥፍር አሳክሎ ስላመጣቸው ለሥራ አልሆኑም፤ አለቃዋም «ውሰጂና የፈለግሽውን አድርጊባቸው» አላት። እሷም የፈለገችውን አደረገችባቸው።

ባለፈው ሰኞ በልምምድ መካከል ጋሽ ጆሮ ሁሉንም አስቆመና ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደ። ስቲከሮቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ላጠና መዳፏ ላይ ደረደረላት።

«ይሄ ቫዮሊን ነው ወይስ የፖስታ ጥቅል? ጆሮ የሌለው ሰው በዓይኑ ይጫወታል። ያለ ነጥብ መጫወት ስትችይ ተመለሺ» አላት፣ በሰው ሁሉ ፊት።

በማግስቱ ጠዋት እህትየው እህቷ ሱቅ መጥታ፣ ፍቅፋቂ የሞላበት በርጩማ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስቲከሮቹ በመሃረብ ተጠቅልለው እጇ ላይ ነበሩ።

«እትዬ፣ ግን እውነቱን እኮ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጆሮ የለኝም።»

ጠጋኟን ያንገበገባት ለቅሶው አልነበረም፤ ይሄ «እውነቱን እኮ ነው» ነው። ቀና ስትል የባሏ ቫዮሊን ከነሳጥኑ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ አየችው። ክሮቹ በዘመን ብዛት ሰሌዳውን ቦርቡረውት «ዝዝ ይላል፤ እስከ እሑድ አስተካክይልኝ» ብሎ ራሱ ነው ያመጣላት።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ!» አለች።

«ማን?»

«ማንም። እንባሽን ጥረጊ፣ ሙጫዬ ውስጥ እንዳይገባ።»

እህቷን ከሸኘች በኋላ ክሮቹን ፈታች፤ መላጊያዋን ሳለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጥቦቹ ያሉበትን ጫፍ ሳትነካ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን እጇ ሰሌዳው ላይ እንዳረፈ ቆም አለችና፣ የነጥቦቹን ርቀት ከሰሌዳው አናት ጀምራ በማስመሪያ ለክታ በብጣሽ ወረቀት ጻፈች፤ ወረቀቱንም ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ራሷም አታውቅም። ሰው ሊደባደብ ሲወጣ ፋሻ ይዞ እንደ መውጣት ነው። ከዚያ መላጊያውን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሳበችው። ጥቁር ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወደቀ። ነጥቦቹም አብረው ሄዱ።

ሰሌዳው ሲሳሳ የክሩ ከፍታ ስለሚለወጥ፣ ክሮቹ የሚያርፉባትን ትንሿን እንጨት፣ ብርኩማዋን፣ አዲስ ቀረጸች፤ ድምፁ እንዲያምርም ከበፊቱ ቦታዋ ትንሽ ወደ ታች ገፋ አድርጋ አቆመቻት። በዘይት ወለወለችው። አስተማሪ ሰሌዳው ሲጠፋበት ምን እንደሚያደርግ እናያለን አለች በልቧ።

የፈለገችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መጥቶ «ነጥቦቼን መልሺልኝ» ይበላት። ይህን ካለ ነጥቦቹን ያውም በወርቅ ቀለም ትመልስለታለች፤ ሄዶ እህቷን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ነገሩም ያልቃል። እሑድ በአራት ሰዓት የሰፈሩ አዳራሽ ታድሶ ይከፈታል። መክፈቻው ላይ ጋሽ ጆሮ ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ አምስት ደቂቃ ይጫወታል፤ ዜማው ደግሞ የሚወጣው እዚያ ነጥቦቹ የነበሩበት ሰገነት ላይ ነው። ስለዚህ እስከ እሑድ ሳይናገር አይቀርም። እንዲህ አሰበች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ግን ረሳችው።

ረቡዕ ጠዋት ሳጥኑን ከፈተ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ደጋን ታጸዳለች፤ ጆሮዋ ግን እሱ ጋ ነው።

«እንዴት ነው?» አለች ሳትዞር።

«አ… አበራሽው እኮ።»

«መስታወት አልመሰለም?»

«እሱስ መስታወት ነው» አለ። ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ አዘነበለ፣ ወደ አምፖሉ አዘነበለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «እዚህ… እዚህ ላይ የሆነ ቆሻሻ ነገር አልነበረም?»

«ነበር። ጠረግኩት።»

«አሃ። ጎሽ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

ሐሙስ ዕለት ሥራዋ ላይ እንዳለች ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘግቷልና ጊዜ አለው።

«ሙጬ፣ እንጨት ይተነፍሳል አይደል?»

«ይተነፍሳል።»

«በጣም ከለሰለሰ ግን አይታፈንም?»

«እንዴት ይታፈናል?»

«ማለቴ፣ ትንንሽ ቀዳዳ ነገር ቢኖረው ለጤናው አይሻልም?»

መላጊያዋን አስቀመጠች። «ስንት ቀዳዳ?»

«እኔ እንጃ» አለ፣ ጣሪያውን እያየ። «ሦስት ያህል።»

«የት የት ቦታ?»

እዚህ ላይ ሊናገር ነበር። አፉ ተከፍቶ ነበር። ግን ፊቷ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» ብሎ ወንበሩን ይዞ ተነሳ። እሷም በልቧ፣ አንተ ሰውዬ፣ ለእንጨት ጤና ከማሰብ አንድ ቃል መናገር አይቀልህም ነበር? አለች።

ዓርብ ምሳ ሲበሉ የግራ እጁ ጣቶች ጫፋቸው ነጭ ሆኖ አየች። ጠመኔ ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ጣቱ በረገጠው ቁጥር እያጠፋው፣ እንደገና እያደረገ፣ ሲለፋ አርፍዷል ማለት ነው።

«ዛሬ ክፍል ውስጥ ብዙ ጻፍክ መሰል» አለችው።

«አዎ፣ ብዙ!» አለ ደስ ብሎት። ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ ትዝ ያለው ጉርሻውን ካላመጠ በኋላ ነው። ጆሮው ቀላ፤ ጣቶቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቃቸው። እሷም ውሃ ላምጣ ብላ ተነስታ ጓዳ ገብታ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ግን ሳቁ አለቀ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ሲለማመድ ግድግዳውን አልፎ ይሰማታል። ታች ታቹን ውብ አድርጎ ይጫወትና ሽቅብ ይጀምራል፤ ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ይስታል። ያቆማል። ይጀምራል። ይስታል። ሌላ ሰው ቢሆን ደህና ነው ብሎ ያልፈው ነበር፤ ስህተቱ ጥቂት ነው። እሱ ግን ይሰማዋል። ያ ሁሉ ጆሮ ለራሱ ቅጣት ሆኖ ቁጭ አለ። በስድስተኛው ጊዜ ደጋኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ሰማች።

አሳዘናት። በጣም አሳዘናት። ገብታ ልታቅፈው ሁለት ጊዜ ተነስታ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። የእህቷን መሃረብ አስታውሳ ልቧን ልታደነድን ሞከረች፤ ግን ልብ እንደ ሙጫ ነው፤ ሙቀት ካገኘ ይላላል። የምትፈልገው እንዲናገር እንጂ እንዲዋረድ አልነበረም። እሑድ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቱ ቢስት፣ ጋሽ ጆሮ የሚለው ስም በአምስት ደቂቃ ያልቃል። «ለጆሮው ነው ያገባሁት» የሚለውን ወሬ ለሃያ ሁለት ዓመት የነዛችው ደግሞ እሷ ናት። ምናልባት ነጥቦቹን እንዲደብቅ ያደረገው ይኸው ወሬ ይሆን እንዴ? ይህን ከዚህ በፊት አስባው አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሊያስደረድር እንደወጣ ሱቁን ከውስጥ ቆለፈች። ብጣሽ ወረቀቷን ከሽርጧ አወጣች፤ ለካች፣ በመርፌ ወጋች፣ ነጭ ቀለም በክብሪት እንጨት ጫፍ አስገባች፣ ጠረገች። ሦስት ነጥቦች። ገና ቀለሙ ሳይደርቅ የእግሩን ኮቴ ሰምታ ሳጥኑን ቶሎ ዘጋችና በሩን ከፈተች።

ገባ፤ ሳጥኑን አንስቶ ወደ ኋላ ክፍል ሄደ። ሲከፈት ሰማች። ቀጥሎ አንድ ረጅም ድምፅ መጣ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዜማውን አልተጫወተም። ሳጥኑ ተዘጋ።

በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፣ ሳጥኑን በብብቱ ይዞ። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ሙጬ።»

«አቤት።»

«ምንም» አለና ወደ ውጭ ወጣ፤ እስከ ከሰዓት አልተመለሰም።

አለቀ ማለት ነው። አላወቅኩም አለች፣ አልነበረም አለ፤ ነጥቦቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጠጋኟ እፎይ አለች፤ እፎይታዋ ግን ጣዕም አልነበረውም። እህቷ የተነጠቀችው ወንበር ባዶ ነው፤ እሱ ደግሞ ነገ እንደ ወትሮው ራሱን ቀና አድርጎ ይወጣል። አራት ቀን የታገለችው ለምን ነበር? በራሷ ተናደደች። የሚቀጥለውን ሰው ደጋን ስትጠግን ሙጫ አበዛችበት።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ወንበሮቹ ገና ላስቲካቸው ስላልወለቀ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻሉ። ጠጋኟ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። የቡድኑ ሰዎች ከጎን በር እየተከተሉ ገቡና ቦታቸውን ያዙ። ቆጠረቻቸው። አሥር መሆን ነበረባቸው፤ አሥራ አንድ ሆኑ። መጨረሻው ወንበር ላይ ታናሽ እህቷ ቫዮሊኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሰሌዳዋ ላይ አራት ብርቱካናማ ስቲከሮች። ወደ ታላቅ እህቷ እያየች ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ ሳቅ ስታፍን እንዲህ ነው የምትሆነው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ።

ቀጥሎ ጋሽ ጆሮ ወጣ። ጠጋኟ መጀመሪያ ፊቱን ነው ያየችው፤ ቀጥሎ እጁን፤ ቀጥሎ ቫዮሊኑን። በዚያ እሷ መስታወት ባስመሰለችው ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ላይኛው ሰገነት ላይ፣ ሦስት ክብ ብርቱካናማ ስቲከሮች ተለጥፈዋል። ሰባራው ብርጭቆ ከሦስተኛው ረድፍ በደንብ ይታያል።

አዳራሹ አጉረመረመ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ቡድኑ ውስጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሽ ጆሮ ቫዮሊኑን ከፍ አድርጎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ለሕዝቡ አሳየ፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚሸጥ ሰው።

«ይሄ ምንድን ነው እንዳትሉኝ» አለ። «ስቲከር ነው። ሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ሰሌዳ ላይ ስላየሁት ሰደብኳት። እኔ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በነጥብ ነው የተጫወትኩት። የእሷ ትልቅ ስለሆነ ታየ፤ የእኔ ትንሽ ስለሆነ አልታየም። ልዩነታችን ይሄው ነው። ትናንት ፖስታ ቤት ሄጄ ተሰልፌ ይቅርታ ጠየቅኳት። ተራዬን ጠብቄ።»

«ከፊቱ ስድስት ሰው ነበር!» አለች እህትየው ከኋላ ወንበር፤ ምላሷ መቼም ጤፍ ይቆላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ተጫወተ። ታች ታቹን ውብ አድርጎ ተጫወተ፤ ሽቅብ ወጣ፤ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ሳያፍር፣ ስቲከሮቹን እያየ ረገጠ። ጠጋኟ የወንበሯን ላስቲክ በጥፍሯ እየቀደደች ነበር። አንደኛው ስቲከር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ሁሉም ጥርት ብለው ወጡ። ቁልቁል ሲመለስ ነው፣ ያውም ሕፃን የማይስተው ቀላል ቦታ ላይ፣ ጣቱ ሸርተት ያለው። ሳያቆም፣ ደጋኑ ክሩ ላይ እንዳለ፣ «ይሄኛው የራሴ ነው፤ የስቲከሩ አይደለም» አለ። ሰው እንደገና ሳቀ፤ እሱም እየሳቀ ጨረሰው። ጭብጨባው ረዥም ነበር። ጠጋኟ አላጨበጨበችም፤ ሁለት እጇ ፊቷ ላይ ነበር፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሊለዩ አልቻሉም።

ቤት ሲገቡ ቁጭ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ እሷም ቫዮሊኑን ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረች። በልቧ አንድ ነገር ነበር። ነጥቦቹን ቅዳሜ መልሳለታለች። በስውር ተጫውቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ስሙን ይዞ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን ማንም ሳያስገድደው ያንን ብርቱካናማ ነገር ለጠፈ። እንዲህ ያለ ልብ አለው ብላ አታውቅም ነበር፤ ኮራችበት። ለመሆኑ ነጥቦቿን ምን አደረጋቸው ብላ የመጀመሪያውን ስቲከር በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠችው።

ነጥቧ ከሥሩ አለ። ግን መካከሉ ላይ አይደለም፤ ወደ ሰሌዳው አናት ወዳለው የስቲከሩ ጠርዝ ጠጋ ብሎ ነው። ሁለተኛውን ላጠች። እሱም እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ፣ ይባስ ብሎም ርቆ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስቲከሮቹን ለምን ነጥቦቹ ላይ አልለጠፍካቸውም?»

«የቱ ነጥብ ላይ?» አለ፣ ሁለተኛውን ጫማ እንደያዘ።

«አትቀልድብኝ።»

ጫማውን አስቀመጠ። «ሙጬ፣ እንዳትቆጪ። የሦስቱም ድምፅ ዝቅ ይል ነበር።»

«የኔ ነጥብ?»

«ትንሽ ነው። የፀጉር ያህል። ሦስተኛው ግን የብዙ ሰው ፀጉር ያህል።»

ማስመሪያዋን አነሳች። ለካች። ወረቀቷ ላይ ከጻፈችው ጋር አስተያየች፤ ልክ ነው። ልክ ነው ስትል ዓይኗ ብርኩማዋ ላይ ወደቀ። አዲስ ቀርጻ፣ ወደ ታች ገፍታ ያቆመቻት ብርኩማ። ብርኩማ ሲወርድ ክሩ ይረዝማል፤ ክሩ ሲረዝም የሰሌዳው ድምፅ ሁሉ ቦታ ይለውጣል። ይህን ትናንት ሥራ የጀመረም ያውቀዋል። አባቷ ገና በሰባት ዓመቷ ነው ያስተማሯት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። ፊቷ ጋለ፤ ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረች ሴት በአሮጌ ልክ አዲስ ነጥብ ወጋች።

«ታዲያ ትናንት በሩ ላይ ቆመህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። ‹ሙጬ› አልኩሽ፣ ‹አቤት› አልሽኝ። ፊትሽን አየሁት።» እግሩን ተመለከተ። «ነጥቦቹ ተመልሰው ሳይ ነው የገባኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንቺ ለኔ ስትጠነቀቂ ኖረሻል ለካ። እኔ አንድ ቀን ያቅተኛል? ደግሞ እዚያ ወጥቼ በአንቺ ነጥብ ብጫወት ዝቅ ይላል፤ ያለ ነጥብ ብጫወት ጣቴ ይስታል። ምን ይሻላል ብዬ ሳስብ እህትሽ ትዝ አለችኝ።»

«ይቅርታ የጠየቅካት ስቲከር አጥተህ ነው?»

«መጀመሪያ አዎ» አለ በግልጽ። «ሰልፉ ላይ ስቆም ግን የምላትን ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ ስዘጋጅ ደግሞ እውነት ሆኖ ተገኘ። ስድስት ሰው እኮ ነበር ከፊቴ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ አንስታ እንደገና ለካች፤ ያው ነው። ነገ ይህን ሰሌዳ ማን ያየው ይሆን፣ ፀጉር አስተካካዩ ቢያየው፣ እህቷ ብታየው፣ ጠጋኟ ተሳሳተች ቢሉ እያለች ስታስብ፣ ከኋላዋ መጥቶ ሙጫ የደረቀበትን እጇን ያዘ፤ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

«አይዞሽ» አላት። «ከእኔ በቀር የሰማ የለም።»